ባለ እንጀራዋን ውደድ

ልጅ ሳለሁ አማርኛ የማውቀው በግማሽ ነበር። የተወለድሁትም ያደግሁትም ካርቱም፣ ካላክላ ነው፤ ከልጆች ጋር የምጫወተው በዓረብኛ፣ ከእናቴ ጋር የማወራው በአማርኛ ሲሆን፣ ሁለቱ ሲምታቱብኝ ደግሞ ዝም ማለትን እመርጥ ነበር። ስለዚህ ያኔ በየምሽቱ ስለ እግዚአብሔርና ስለ ፍቅር የሰማሁትን ሁሉ የሰማሁት እንደተነገረኝ ሳይሆን ጆሮዬ እንደቻለው ነው። አሁን ሳስበው ግማሽ ዕድሜዬን ያንን የጆሮዬን ስሕተት ሳቃና የኖርሁ ይመስለኛል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ስሕተት መሆኑንም እጠራጠራለሁ።

የምንኖረው ሐውሽ ውስጥ ነበር፤ በጭቃ ግንብ የታጠረ ሰፊ ግቢ ማለት ነው። ክፍሎቹ ግንቡን ተጠግተው ዙሪያውን ተሠርተዋል፣ በየክፍሉ ተከራይ አለ፣ መካከሉ ላይ አንድ የኒም ዛፍ ቆሟል። ከዛፉ ሥር አባባ ንጉሤ የሚባሉ ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ ቆርቆሮ ይቀጠቅጣሉ። ከጎንደር በጦርነት ጊዜ በእግራቸው የመጡ ናቸው ይባላል፤ እሳቸው ግን ስለዚያ መንገድ ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም። ሥራቸው ካኑን መሥራት ነበር፤ የሱዳኑን የከሰል ምድጃ ነው ካኑን የምንለው። ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ከገበያ ያመጣሉ፣ ይቆርጡታል፣ ወገቡን ይበሱታል፣ ጀምበር ስትጠልቅ ደግሞ የቀኑን ሥራ ለመሞከር ከሰል ያቀጣጥሉበታል። አየር በደንብ ካልሳበ መልሰው ይበሱታል። ያኔ መብራት ምሽት ምሽት ይጠፋ ስለነበር የሐውሹ ልጆች ሁሉ ያ ፍም ካለበት አንጠፋም። መጀመሪያ ጭሱ ዓይናችንን ይለበልበናል፣ ቀጥሎ ቀለሙ ያልለቀቀው ቆርቆሮ ይከረፋናል፣ ከዚያ ፍሙ ይቀላና ጭሱ ይጠፋል። አባባ ንጉሤ አፋቸውን የሚከፍቱት ያን ጊዜ ነው።

የሚነግሩን ተረት አልነበረም፤ የቅዱስ መጽሐፍ ታሪክ ነው። እሳቸው ሲያወሩት ግን ትናንት ከእኛ ሐውሽ ኋላ የደረሰ ነገር ይመስላል። ዮናስን ሲነግሩን ነነዌ ማለት ኦምዱርማን መስሎኝ ነበር፤ ከዓባይ ማዶ ያለ ትልቅ ከተማ ሌላ አላውቅማ። ዓሣ አንበሪውም ድልድዩ ሥር የሚኖር ስለመሰለኝ፣ ሐፍላው ድልድዩን በተሻገረ ቁጥር እግሬን ወደ መቀመጫው እሰበስብ ነበር። ሐፍላ የምንለው ሚኒባሱን ነው።

«ሰው ዝም ብሎ አልተፈጠረም» አሉን ዮናስን በነገሩን ምሽት፣ ፍሙን በሽቦ እየነካኩ። «እያንዳንዱ የተላከበት ጉዳይ አለው። ዮናስ የተላከው ወደሚጠላቸው ሰዎች ነው። ብዙ ጊዜ እንዲያ ነው አላላኩ።»

«እኔስ ወዴት ነው የተላክሁት?» አልኋቸው።

«ጊዜው ሲደርስ ታውቂዋለሽ።»

ይህን ጊዜ እናቴ ከበራችን ላይ ጣልቃ ገባች። እናቴ አልማዝ ዐማራት የሚባል ሰፈር ውስጥ በአንዲት ሀብታም ሱዳናዊት ቤት ትሠራ ነበር፤ ሴትዮዋን ሲት እንላታለን፣ እመቤት እንደማለት። ማታ ስትመለስ እግሯን ሳፋ ውስጥ ነክራ፣ ኩራዟን አጠገቧ አድርጋ፣ ደፍ ላይ ትቀመጣለች። ታሪኩን የማትሰማ ትመስላለች፤ ግን ቃል አያመልጣትም።

«ዮናስ ምን አጠፋ?» አለች። «የበደሉትን ሰዎች ቢጠላ ይፈረድበታል?»

«አይፈረድበትም፣ ልጄ» አሉ አባባ ንጉሤ። «ብቻ ተልኳል።»

«እንግዲህ እሱን ለላኪው ይንገሩት!» ብላ ሳፋውን በእግሯ ገፋችው፤ ውሃው ፈሰሰ።

ያኔ ስለ ዮናስ ለምን እንዲህ እንደምትቆጣ አልገባኝም ነበር። የገባኝ የምትጠላው ሰው እንዳለ ብቻ ነው፤ እሱንማ ሐውሹ ሁሉ ያውቃል። ከእኛ ክፍል ትይዩ ዘይነባ የምትባል የወሎ ሴት ትኖር ነበር። እንጀራ እየጋገረች ሐበሻ ለሚበዛባቸው ምግብ ቤቶች ታስረክባለች፤ በስሟ የሚጠራት ሰው ጥቂት ነው፣ «ባለ እንጀራዋ» ነው የምትባለው። አባቴ ሳይሄድ በፊት እናቴና እሷ አንድ ከሰል ተካፍለው የሚያነዱ ጎረቤቶች ነበሩ አሉ። ከዚያ የዘይነባ የአክስት ልጅ እሷን ሊጠይቅ ይመላለስ ጀመር። ደላላ ነው፤ ሰው በበረሃ ወደ ሊቢያ የሚያሻግር። ከአባቴ ጋር ኒሙ ሥር ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ፣ ያወራሉ። አንድ ንጋት አባቴ ግንባሬን ስሞኝ ሄደ። ከበረሃው መሐል አንድ ጊዜ ደወለ፤ ውሃው ጨው ጨው ይላል፣ ደኅና ነኝ አለ። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

«ባሌን ለበረሃ ያበላችው ይህች ናት» ትላለች እናቴ፤ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ ዘይነባ እየሰማች። ዘይነባ ሊጧን ማቡካቷን አታቋርጥም። ለእኔ ደግሞ ጥብቅ ትእዛዝ ነበረኝ፦ ከኒሙ ወዲያ እንዳታልፊ።

እንዲህ እንዳለን ነው አባባ ንጉሤ የቁስለኛውን ታሪክ የነገሩን። «ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ብላችሁ አይገባችሁም» አሉ፤ «ከገዳሪፍ ወደ ካርቱም በሉት።» አንድ መንገደኛ ሽፍቶች አገኙት፣ ደበደቡት፣ ልብሱን ገፈው ዐፈር ላይ ጥለውት ሄዱ። አንድ ካህን መጣ፣ አይቶ አለፈ። ሌላ የቤተ መቅደስ ሰው መጣ፣ እሱም አይቶ አለፈ። በመጨረሻ አንድ ሳምራዊ መጣ።

«ሳምራዊ ምንድን ነው?» አልን።

«ቁስለኛው ደኅና ቢሆን ኖሮ ሰላም የማይለው ሰው ነው» አሉ። ሳምራዊው ወርዶ ቁስሉን አጠበለት፣ በራሱ አህያ ላይ ጫነው፣ ማረፊያ ቤት ወስዶ አስታመመው። ታሪኩን ሲጨርሱ ጣታቸውን ወደ እኛ ዘርግተው፣ ሰው የተፈጠረበት ጉዳይ ሁሉ በዚህ ይጠቃለላል፦ አምላክህን በሙሉ ልብህ ውደድ፣ ባልንጀራህንም እንደ ራስህ ውደድ፣ አሉን።

እኔ ባልንጀራ የሚባል ቃል ሰምቼ አላውቅም ነበር። እናቴ ጓደኛ ነው የምትለው፤ እኔ ሳሂብ ነው የምለው። የሰማሁት «ባለ እንጀራ» ብለው ነው። ባለ እንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ! ደነገጥሁ። ዞር ብዬ የሌሎቹን ልጆች ፊት አየሁ፤ ማንም አልደነገጠም። ወደ እናቴ አየሁ፤ ኩራዙን ቀና እያደረገች ነው። እግዚአብሔር ከዚያ ሁሉ ሰማይ ላይ ሆኖ የእኛን ሐውሽ ባለ እንጀራ እንዴት እንዳወቃት፣ እናቴ የከለከለችውንስ እንዴት እንደሚያዝ ማሰብ አቃተኝ። ልጠይቃቸው አልሁ፤ ግን ብጠይቅ እናቴ ትሰማለች። ወዴት እንደተላክሁ ግን ያኔውኑ ያወቅሁ መሰለኝ።

በማግስቱ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል፣ እናቴ ገና ከሥራ ሳትመለስ፣ ሲት ከላከችልን ተምር አንድ እፍኝ ይዤ ኒሙን አለፍሁ። ልቤ እንደ አባባ ንጉሤ መዶሻ ይመታል። ዘይነባ በሯ ላይ ምንጣፍ አንጥፋ፣ አንድ ጣሳ ውሃ ከፊቷ አስቀምጣ ብቻዋን ተቀምጣለች። ረመዳን እንደሆነ፣ የማፍጠሪያዋን ሰዓት እየጠበቀች እንደሆነ አላውቅም። ተምሩን ዘረጋሁላት።

«ማን ላከሽ?» አለችኝ።

«አባባ ንጉሤ። አይ፣ እግዚአብሔር» አልኋት። አማርኛው ጠፋኝ። «ባለ እንጀራን ውደጂ ተብያለሁ። እንደ ራሴ።»

ሣቋ ፈነዳ። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሣቀች። ሣቋ ግን መሐል ላይ ተለወጠ፤ የነጠላዋን ጫፍ ዓይኖቿ ላይ ስታደርግ ምን እንዳጠፋሁ ገረመኝ። በዚያው ቅጽበት ከመስጊዱ አዛን ተሰማ። አንዱን ተምር አነሣች፣ ቢስሚላህ ብላ አፏ ውስጥ አደረገች፣ ከጎኗ ምንጣፉን መታ መታ እያደረገች «አብሽሪ፣ እሙዬ፣ ነይ ቁጭ በይ» አለችኝ። አላረመችኝም። ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ዘይነባ የቃሉን ትርጉም አላወቀችም ማለት አይደለም። ማረም አልፈለገችም ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ሳትመለስ በፊት እየሄድሁ እሷ ዘንድ እቀመጥ ጀመር። ኻልቲ እላታለሁ፤ አክስቴ ማለት ነው። እሷ ሰሊጥ በስኳር ትሰጠኛለች፣ አገሯን ትነግረኛለች፣ ታላላቅ ሰዎች ሲመርቁ እንዴት «አሚን» እንደሚባል ታሳየኛለች። ከትራሷ ሥር አንድ አሮጌ ስልክ ነበረ፤ ባትሪው እንዳያልቅ እንደ ሕፃን ትጠብቀዋለች። የማን ስልክ እየጠበቀች እንደሆነ ስጠይቃት «የሰይድን» አለችኝ። ሰይድ ታናሽ ወንድሟ ነው። ከአባቴ ጋር በአንድ መኪና ነው የሄደው።

ይህን ሳውቅ ይበልጥ ግራ ገባኝ። እናቴ ዘይነባን የምትጠላት አባቴ ስለጠፋ ነው። የዘይነባም ወንድም ጠፍቷል። ታዲያ ሁለቱ ለምን አብረው አይጠብቁም? የስምንት ዓመት ልጅ ጭንቅላቴ ይህን ማለፍ አልቻለም። ዛሬም በደንብ ያለፈው አይመስለኝም።

ያስያዘን ፀጉሬ ነው። አንድ ቀን ዘይነባ ሹሩባ ሠራችኝ፣ ቀጭን ቀጭን አድርጋ። እናቴ ከሥራ ስትገባ ራሴን በኩራዙ ብርሃን አየችው፤ የማን እጅ እንደሆነ ወዲያው ዐወቀች። ምንም ሳትናገር አስቀመጠችኝና ሹሩባውን አንድ በአንድ ፈታችው። ማን ላከሽ ስትለኝ እውነቱን ነገርኋት። እጄን ይዛ ወደ ፍሙ ወሰደችኝ።

«አባባ፣ ልጄን ምን ብለው ነው ያስተማሯት?»

የሰማሁትን ደግሜ ነገርኋቸው። አባባ ንጉሤ ሣቁ፤ ሐውሹ ሁሉ ሣቀ። «ባልንጀራ ነው ያልሁት እኮ፣ ልጄ! ባልንጀራ!»

እናቴ አልሣቀችም። «መልካም። እንግዲያው ባልንጀራ ማለት ማን እንደሆነ ይንገሯትና ትመለስ።»

አባባ ንጉሤ ወደ ዘይነባ በር አዩ፤ በሩ ገርበብ ብሏል፣ ከውስጥ ብርሃን የለም። «አልማዝ» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ቀጥኖ፣ «ተሳስተሻል ልበላት?»

«እርስዎ ያወራሉ» አለች እናቴ። «ያወራሉ፣ ፍሙ ሲጠፋ ይተኛሉ። እኔ ግን ባሌን አላገኘሁትም።» አባባ ንጉሤ ያን ምሽት ሌላ ታሪክ አልነገሩንም፤ ተነሥተው በፍሙ ላይ ዐመድ መለሱበት።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ ሰማዩ በአቧራ ቀልቶ በሚውልበት ሰሞን፣ እናቴ አንድ ማታ ሳትመለስ ቀረች። ፋጤ የምትባል ጎረቤታችን ወሬውን ይዛ መጣች፤ ፖሊሶች ሐፍላውን አስቁመው ወረቀት የሌላቸውን የውጭ ሰዎች ሁሉ አውርደው ወስደዋል። ከሻ ነው የሚባለው፣ አፈሳ። የእናቴ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ካለፈበት ቆይቷል። ሴቶቹ ሁሉ ወደየቤታቸው ገብተው በር ዘጉ፤ ማንም ወረቀቱ የተሟላ አልነበረማ። አባባ ንጉሤ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ፣ እጃቸውን ራሴ ላይ አደረጉ፣ ጸለዩ። እኔ የምጠብቀው እናቴን ሊፈልጉ እንዲነሡ ነበር። አልተነሡም፤ የእሳቸውም ወረቀት እንደሌሎቹ ነበር፣ ያኔ ግን አላውቅም።

ጠዋት በራችንን ያንኳኳችው ዘይነባ ናት። ጥቁር ዐባያ ለብሳለች፣ እንጀራ አልጋገረችም፤ ምጣዷ ሳይሟሽ ሲውል ያን ቀን መጀመሪያ አየሁ። «የሲትን ቤት ታውቂዋለሽ?» አለችኝ። አዎ አልኋት፤ ትምህርት ሲዘጋ ከእናቴ ጋር እሄድ ነበር። «የላ፣ ተነሺ።»

ዐማራት ደርሰን በሩን ስናንኳኳ ሲት በመስኮት አየችንና ዛሬ እንግዳ አለብኝ፣ ነገ ተመለሱ አስባለችን። ዘይነባ አልተመለሰችም። ከበሩ ፊት፣ ፀሐዩ ላይ፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። ዘበኛው ተነሺ አላት፤ «እነሣለሁ፣ ኢንሻአላህ፣ እመቤትህ ስትወጣ» አለችው። ቀኑ ጋለ። ዐባያዋን ከፍታ እኔን ከሥሩ አስጠለለችኝ። እንግዳዎቹ ሲወጡ አልፈውን ሄዱ፤ ሲት አፈረች መሰለኝ መጨረሻ ላይ ቁልፏን አንሥታ መጣች፣ መኪናዋ ውስጥ አስገባችን።

ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ዘይነባ ቆመች። እጄን የያዘው እጇ በላብ ርሷል። ያኔ ለምን እንደፈራች አልገባኝም። ስልኳን ከደረቷ አወጣችና እጄ ውስጥ አስጨበጠችኝ፤ «ከደወለ አንሺው፣ እሙዬ። ባትሪውን ባዶ እንዳታደርጊው» አለችኝና ገባን። ሲት ከመኮንኑ ጋር ተነጋገረች፣ ሠራተኛዬ ናት፣ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ አለች። እናቴ ከውስጥ ወጣች፤ ነጠላዋ የለም፣ ፊቷ ተነፋፍቷል። ሮጬ ዐቀፍኋት። ከትከሻዋ በላይ መኮንኑ ወደ ዘይነባ ዞር ሲል አየሁ።

«አንቺስ ምኗ ነሽ?»

«ጎረቤቷ» አለች ዘይነባ በዓረብኛ።

«ወረቀትሽ?»

ዘይነባ ባዶ እጇን ዘረጋች። እናቴ ዘወር ብላ አየቻት። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲተያዩ ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ። እናቴ አፏን ልትከፍት ስትል አንድ ፖሊስ ዘይነባን በክንዷ ይዞ ወደ ውስጥ ወሰዳት። እኛ ወጣን። እንዲህ ነው የሆነው፤ እናቴ የወጣችበት በር ዘይነባ የገባችበት በር ነው።

መኪናው ውስጥ እናቴ ሙሉ መንገዱን ታለቅስ ነበር፤ የንዴት ልቅሶ ነው። «ማን ላካት? እኔ ላክኋት?» ትላለች። «አሁን እኔ ምን ላድርግ? ንገሪኝ፣ ራሔል፤ ምን ላድርግ?» ሲት በመስታወቱ ታየናለች፤ አማርኛ አትችልም። እናቴ በመዳኗ ልትደሰት ይገባት እንደነበር አውቃለሁ፤ ለምን እንደተሸነፈ ሰው እንደምትንሰፈሰፍ ግን ማንም ሊያስረዳኝ አልቻለም።

በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ ምግብ ሠራች፣ በሳህን አድርጋ በጨርቅ ጠቀለለችና ወጣች። ዘይነባን ከወንዙ ማዶ ወዳለ እስር ቤት አዛውረዋት ነበር። እናቴ ከሥራ በፊት፣ ከሻው እንዳያገኛት እየተሳቀቀች፣ ድልድዩን ተሻግራ ምግቡን ለጠባቂዋ ሰጥታ ትመለሳለች። ማን እንደላከው አትናገርም። ዘይነባን ልያት አትልም። ቤት ስትገባ ደግሞ እሷን የሚያነሣ ሰው ካለ ትቆጣለች። ማታ ግን ስልኩን አንሥታ ባትሪውን ታያለች፤ መብራት ከጠፋ ጄኔሬተር ያለው ሱቅ ድረስ ሄዳ ሞልታው ትመጣለች። የምትጠብቀው ለሰይድ ይሁን ለአባቴ እሷም የምታውቀው አይመስለኝም።

ቆይቶ እንደሰማሁት እናቴ ለራሷ ምንም ለምናት የማታውቃትን ሲትን ስለ ዘይነባ ተንበርክካ ለምናታለች። ሲት ሰው ታውቃለች፣ ለሚነገረው ሰው ተነገረ፣ ዘይነባ አንድ ቀትር ላይ ከስታ፣ ራሷን በጨርቅ አስራ ወደ ሐውሹ ገባች። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ እየጠበቅሁ ነበር፤ እናቴ እንድትወጣ፣ እንዲተቃቀፉ፣ እንዲያለቅሱ። የአባባ ንጉሤ ታሪኮች እንዲህ ነው የሚያልቁት። እናቴ ከክፍላችን አልወጣችም። ስልኩን እጄ ላይ አድርጋ «ስጫት» አለችኝ፤ ሌላ ምንም።

ዘይነባ ስልኩን አብርታ አየችው። «ማን ነው ሞልቶ ያቆየው?»

«እማዬ።»

ወደ በራችን አየች። «አላህ ይስጣት» አለች በቀስታ፤ ከዚያ ገብታ ተኛች።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሁለቱ ሰላም ሲባባሉ አልሰማሁም። ነገር ግን እናቴ ወጥ ስትሠራ በአንድ ሳህን ጨልፋ እኔን ትልከኛለች፤ ከኒሙ ወዲያ እንዳታልፊ የሚለውን ትእዛዝ ማንም ሳይሽረው ተረሳ። አንድ ምሽት ፍሙ ዳር ብቻችንን ስንቀር አባባ ንጉሤን ጠየቅኋቸው፦ «እማዬ ኻልቲ ዘይነባን ትወዳታለች ወይስ ትጠላታለች?»

ፍሙ ዐመድ እየለበሰ ነበር፤ ፊታቸው ከአገጫቸው በላይ አይታየኝም።

«እኔም አላውቅም፣ ልጄ» አሉ። «ያ ቁስለኛ ሰው፣ ታውቂዋለሽ አይደል? ታሪኩ የሚያልቀው ማረፊያ ቤት ሲደርስ ነው። ሲነቃ ምን እንዳለ፣ ያዳነው ማን እንደሆነ ሲነግሩት ደስ እንዳለው ወይ እንዳዘነ፣ አልተጻፈልንም። እኔ ሁልጊዜ የማስተምረው ስለ ሳምራዊው ነው። ስለ ቁስለኛው አስቤ አላውቅም ነበር።» ከዚያ ሽቦውን መሬት ላይ አስቀመጡ። «ምናልባት ፍቅር ማለት መውደድ ብቻ አይደለም። ምናልባት ደግሞ ተሳስቻለሁ።»

አንድ ሽማግሌ ምናልባት ሲል ያኔ ነው መጀመሪያ የሰማሁት። አስፈራኝም፣ ቀለለኝም።

አባቴ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ሰይድም አልደወለም። ጦርነቱ ካርቱም ሲገባ እኔ ትልቅ ሴት ሆኜ ነበር፤ ካላክላ ላይ ጥይት ሲዘንብ አንድ የጭነት መኪና ተገኘና እናቴ፣ ዘይነባና እኔ ወደ ገዳሪፍ ወጣን። አባባ ንጉሤ አልወጣም አሉ። «አንድ ጊዜ በእግሬ ሸሽቻለሁ፤ ይበቃኛል» አሉን፤ ሦስታችንንም በየተራ መረቁን፣ ዘይነባንም ጭምር፣ እሷም አሚን አለች። ከዚያ ወዲህ የሚታመን ወሬያቸውን የነገረን የለም። ካላክላ የቀረ ሰው ካገኘሁ እጠይቃለሁ፤ አንዱ ሞቱ ይለኛል፣ ሌላው አየኋቸው ይለኛል።

አሁን ገዳሪፍ ውስጥ በአንድ ክፍል ሦስታችን እንኖራለን። እሑድ እሑድ ከጸሎት በኋላ ከእኛ ጋር ከተፈናቀሉት ሐበሾች ልጆቻቸውን ሰብስቤ እነዚያኑ ታሪኮች እነግራቸዋለሁ፤ የተላክሁበት ጉዳይ ይህ ይሁን አይሁን እርግጠኛ አይደለሁም፤ ግን ሌላ የጠራኝ የለም። ልጆቹ እኔ የጠየቅሁትን ይጠይቁኛል። አንዷ ባለፈው፣ አባቷን የገደሉትን ሰዎች ውደጂ ተብላ እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ፊቴን ትክ ብላ እያየች። አዎ ማለት ነበረብኝ። አዎ አልኋት። ከዚያ ቤት ስገባ እህል አልበላ አለኝ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። ወባ ይዟት ገና ማገገሟ ነው። ዘይነባ ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች፤ እዚህ ውሃ ሩቅ ነው፣ ወረፋውም አያልቅም። ለዓመታት አፌ ላይ የነበረውን ጥያቄ ዕድሉን አግኝቼ አወጣሁት።

«እማዬ፣ ዘይነባን ይቅር ብለሻታል?»

ወደ እኔ ዞር አላለችም። «እኔ እንጃ» አለች። ዓይኗ አሁንም መንገዱ ላይ ነው። «አባትሽን ሳስብ አሁንም ደሜ ይፈላል። እሷን ሳያት ትዝ ይለኛል። ብቻ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ እንዲህ ከቆየች ደግሞ ሆዴ አያርፍም።» ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ሳበችና፣ ገና እግሯ ሳይጸና፣ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች። «እስቲ ወጣ ብዬ ልያት።»